አንጀቱ አልተበላም፣ ውሃ ስጡት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፤

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው የጤና ዓምዱን ነው። ባለፈው ሳምንት ስለ ክረምት ተቅማጥ የጻፋችሁትንም አነበብኩት። እጅ መታጠቡ፣ ውሃ ማፍላቱ፣ መጸዳጃ ቤት መክደኑ፣ ሁሉም ልክ ነው። አንዷ ዓረፍተ ነገር ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣችም። ጀርሞቹ አንጀት ውስጥ ገብተው ግድግዳውን እየበሉ ይጨርሱታል የምትለዋ።

አባባሉ አዲስ አይደለም። ሰፈር ውስጥም፣ ወረፋ ላይም እሰማዋለሁ። ጋዜጣ ላይ ታትሞ ሳየው ግን ደነገጥኩ። የልጄ አንጀት ተበልቷል ብላ ያመነች እናት ውሃ አታጠጣውም። ለምን ታጠጣዋለች? በተቀደደ ጆንያ እህል የሚሰፍር ማን አለ? ስለዚህ ውሃውንም ወተቱንም ትከለክለውና ተቅማጡ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። የሚደርቀው ግን ልጁ ነው።

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ወሎ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ደም፣ ሽንትና ሰገራ ስመረምር ነው የምውለው፣ እና ስለ ተቅማጥ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ያህል ከወረፋው የተማርኩት አለ። አንዱን ልንገራችሁ።

ሐምሌ ነበር። ጠዋት ገና በር ስንከፍት አንዲት እናት ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ አዝላ መጣች። ናሙናውን ያመጣችው በታጠበ የክኒን ብልቃጥ ነው፣ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላ። ልጁ አያለቅስም። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለ ልጅ ነው። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ነርሷ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ስትለቀው ወዲያው አልተመለሰም፣ ተጨማዶ ቆየ። ስንት ቀኑ ነው? ሦስት። ምን ሰጠሽው? መጀመሪያ የቡና ዱቄት በማር። ከዚያ ፍላጅል፣ አሜባ ነው ብለው ከመድኃኒት ቤት ሰጡኝ። ውሃስ? ውሃ አልሰጠሁትም፣ ሲጠጣ ይብስበታል።

ናሙናውን በሳላይን፣ በጨው ውሃ፣ በጥብጬ ማይክሮስኮፕ ላይ አደረግሁት። አሜባ የለም። ጃርዲያ የለም። ቀይ የደም ሴል የለም። እኛ ፐስ ሴል የምንለው፣ መግል የሚሆነው ነጭ የደም ሴልም የለም። ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩት፣ ውሃ ነው። የውጤት ወረቀቱ ላይ ምንም አልተገኘም ብዬ ነው የምጽፈው፣ እናትየውም ምንም የለበትም ማለት ነው ወይ ብላ ግራ ገባት። እንደዚህ ያለ ባዶ ስላይድ ግን ለእኔ ብዙ ይናገራል። አንጀቱ ቢቆስል ኖሮ ደሙና መግሉ እዚህ ይታይ ነበር። ይህ ልጅ ውሃ እየፈሰሰው ነው እንጂ አንጀቱ አልቆሰለም።

ታዲያ ውሃውን ማን አፈሰሰው? ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያ ከሆነ ደግሞ መልሱ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ስንል ሥጋና ምስር ነው ትዝ የሚለን፤ እዚህ ግን የማወራው ባክቴሪያው ራሱ ሠርቶ ወደ ውጭ ስለሚለቀው፣ ለአንድ ሥራ ብቻ ስለተበጀ መርዝ ነው።

ከሁሉም በደንብ የተጠናው የኮሌራው ነው። የኮሌራ ባክቴሪያ ትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል እንጂ ሰብሮ አይገባም። እዚያው ውጭ ሆኖ መርዙን ይለቃል። መርዙ ስድስት ክፍል ያለው ነው። አምስቱ ክብ ሠርተው የአንጀት ሴሉን ይይዙታል። ስድስተኛው ዋናው ሠራተኛ ነው። ሴሉ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ሴሉ ውስጥ ደግሞ እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ የምትሠራ ፕሮቲን አለች፣ ስትፈለግ ትበራለች፣ ሥራዋ ሲያልቅ ራሷ ትጠፋለች። መርዙ የሚያደርገው እንዳትጠፋ አድርጎ መቆለፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሴሉ ፍሰስ ፍሰስ የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው የሚሰማው፣ የክሎራይድ ቧንቧው ይከፈታል፣ ክሎራይዱ ወደ አንጀት ክፍተት ይፈሳል፣ ሶዲየም ይከተለዋል፣ ጨው የሄደበት ደግሞ ውሃ መሄዱ አይቀርም። ክፉኛ የታመመ አዋቂ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል። የሚወጣው የሩዝ እጣቢ ይመስላል እንጂ ሰገራም አይመስልም።

ልብ በሉልኝ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሴሉ አልሞተም። በሕይወት አለ፣ ግን ቧንቧው ተከፍቶበታል።

ይህ እንዴት እንደታወቀ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰውየው እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ በ1884 ካልካታ ውስጥ የኮሌራን ባክቴሪያ ለይቶ፣ የሚገድለው መርዝ አለው ብሎ ገመተ። ከዚያ 75 ዓመት አለፈ፣ መርዙን ያገኘ የለም። በመጨረሻ ያገኘው የዚያው የካልካታ ሐኪም ሳምቡ ናት ደ ነው። ያደረገው ነገር ለመናገር እንኳ ቀላል ነው። የጥንቸል አንጀት ሁለት ቦታ በክር አሠረ። ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ ወስዶ ባክቴሪያዎቹን አጣርቶ አወጣቸው። የቀረውን ንጹህ ፈሳሽ በታሰረው ክፍል ውስጥ ወጋው። በማግስቱ ያ ክፍል በውሃ ተወጥሮ አገኘው። ባክቴሪያው የለም፣ በሽታው ግን አለ። ሌሎች ከእሱ በፊት መርዙን ደም ውስጥ እየወጉ ሲደክሙ እሱ በሽታው ያለበት ቦታ፣ አንጀት ውስጥ፣ ፈለገው። ጽሑፉ በ1959 ኔቸር በሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ ታተመ። ደ በሕይወት እያለ በገዛ አገሩ ይህን ያህል የተከበረ ሰው አልነበረም፣ የኖቤል ተሸላሚው ጆሹዋ ሌደርበርግ ለኖቤል ጠቁሞት ነበር፣ ሳያገኘው በ1985 አረፈ። ስሙን ተማሪዎች ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው በ1959 ባንኮክ ውስጥ ኮሌራ ገብቶ ነበር። እስከዚያ ድረስ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ከነበሩት ከትልልቆቹ የአውሮፓ ሊቃውንት ጀምሮ፣ ኮሌራ የአንጀትን ሽፋን ይልጠዋል ተብሎ ነበር የሚታመነው። ያዩት አስከሬን ላይ ነው። ዩጂን ጋንጋሮሳ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ግን ባንኮክ ላይ ከሕያው ሕመምተኞች፣ በምትዋጥ ትንሽ መሣሪያ፣ ከአንጀታቸው ቅንጣት ወስደው አዩ። ሽፋኑ ሙሉ ነው። ምንም አልተላጠም። አስከሬን ላይ የታየው መላጥ ሰውየው ከሞተ በኋላ የመጣ ነበር። ስለዚህ አንጀት ይበላል የሚለውን ያመነች የገጠር እናትን ማንም እንዳይንቅብኝ፤ ሊቃውንቱም ከእሷ ጋር ነበሩ። እነሱን ያረማቸው ቀርቦ ማየት ነው።

ይህ ሁሉ ለኩባያ ውሃ ምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። በጣም ይጠቅማል። የአንጀት ሴል ጨውን የሚያስገባበት ሌላ በር አለው። ይህች በር የምትከፈተው ስኳርና ጨው ተያይዘው ሲመጡ ነው። ሮበርት ክሬን የሚባል ተመራማሪ በ1960 ፕራግ ላይ ነው ይህን ያቀረበው። የኮሌራው መርዝ የመውጫውን ቧንቧ ከፈተ እንጂ ይህችን የመግቢያ በር አልነካትም። ሴሉ ደግሞ በሕይወት አለ። እና ስኳርና ጨው በልኩ ተበጥብጦ ከተሰጠው ውሃውን ይስባል፣ መርዙ እዚያው እያለ፣ ተቅማጡም ሳይቆም። ኦአርኤስ ማለት ይህ ነው። አንጀቱ እውነት ተበልቶ ቢሆን ኖሮ ኦአርኤስ አይሠራም ነበር።

መሥራቱን ደግሞ ሰው አይቶታል። በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ሚሊዮኖች ወደ ህንድ ሲሰደዱ ቦንጋኦን በምትባል የድንበር ከተማ ኮሌራ ገባ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ሲሰጥ ሲሰጥ አለቀበት። ስኳርና ጨው በበርሜል አስበጥብጦ የሕመምተኞቹ ዘመዶች በኩባያ እየቀዱ እንዲያጠጡ አደረገ። እዚያ ከመቶ ሠላሳ ገደማ ይሞት የነበረው ከመቶ አራት በታች ወረደ። ያጠጡት እናቶችና ወንድሞች ናቸው፣ ነርስ አልበቃም ነበር።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ነርሷ እናትየውን ጥግ ላይ አስቀምጣ አንድ ኩባያ ኦአርኤስና የሻይ ማንኪያ ሰጠቻት። በየደቂቃው አንድ ማንኪያ። ሲያስመልሰው አሥር ደቂቃ ጠብቃ እንደገና፣ ቀስ ብላ። እኔ ሥራዬ ላይ ሆኜ በበሩ ክፍተት አያታለሁ፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እየፈራች ነው የምታጠጣው፣ እየገደልኩት ይሆን የምትል ነው የምትመስለው። ከሰዓት በኋላ ልጁ አለቀሰ። ሲያለቅስ እንባ ወጣው። እንባ ሲመጣ ውሃው ገብቷል ማለት ነው፣ ጠዋት ቢያለቅስ ኖሮ የሚወጣው አልነበረም። ከዚያ የዚንክ ክኒን ለአሥር ቀን ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ሄደ።

እዚህ ላይ ብቆም ግን ሌላ ስህተት አስተምሬ እቀር ነበር። ሌላ ዓይነት ስላይድ አለ።

አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት ሆዱን ይዞ ጎንበስ ብሎ መጣ። ትኩሳት አለው። ያስምጠኛል፣ ስቀመጥ ግን የሚወጣው ትንሽ ነው አለኝ። ያመጣው ናሙና ከማንኪያ አይበልጥም፣ ንፍጥ መሳይ ሆኖ ደም ጣል ጣል ያለበት። ማይክሮስኮፑ ላይ ሳደርገው መስኩ በሙሉ በቀይ የደም ሴልና በፐስ ሴል ተሞልቷል፣ መቁጠር አይቻልም። የዚህ ሰው አንጀት እውነት ቆስሏል። ግን እዚህም ቢሆን ባክቴሪያው አልበላውም። ያቆሰለበት መንገድ ከመብላት በጣም የተለየ ነው፣ እኔም በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ቆይቼ አሁንም ያስደንቀኛል።

እንዲህ ያለውን በሽታ ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ዋናው ሺጌላ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከጃፓናዊው ኪዮሺ ሺጋ ነው። በ1897 ጃፓን ውስጥ ከ90 ሺህ በላይ ሰው በደም ተቅማጥ ታሞ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሲሞት ባክቴሪያውን ለይቶ ያወጣው እሱ ነው። ሺጌላ መርፌ አለው። እያጋነንኩ አይደለም፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየ፣ ከሰውነቱ ወጣ ብሎ የቆመ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ መርፌ ነው። የመርፌው ጫፍ የአንጀት ሴል ሲነካ ኢፓ ቢ እና ኢፓ ሲ የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ወጥተው የሴሉን ሽፋን ይበሱታል። በቀዳዳው በኩል ሌሎች ፕሮቲኖች ተከትለው ይገባሉ። እነዚህ የሴሉን ውስጣዊ ምሰሶና ማገር ያፈርሱና እንደገና ለራሳቸው በሚመች መልኩ ያቆሙታል። ሴሉ ወደ ውጭ ያብጥና ባክቴሪያውን አቅፎ ይውጠዋል። መዋጥ ልማዱ ያልሆነ ሴል ዋጠ ማለት ነው፣ ተገዶ።

ውስጥ ከገባ በኋላ የተጠቀለለበትን ከረጢት ይቀድና ይወጣል። ከሴሉ ከራሱ ዕቃ ጭራ ይሠራል፣ በዚያ ጭራ እየተገፋ ግድግዳውን ገፍቶ ወደ ጎረቤት ሴል ያልፋል። ወደ ውጭ ሳይወጣ ከቤት ወደ ቤት። ሰውነት ሲነቃ ነጭ የደም ሴሎቹን በብዛት ይልካል፣ እነሱም ሊዋጉ ሲመጡ መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ እየገፉ፣ እያቆሰሉ ነው የሚመጡት። እኔ ስላይዱ ላይ የማየው መግል የዚያ ውጊያ ትርፍ ነው። ከጉዳቱ ብዙው የሚመጣው ከራሳችን ወገን መሆኑ ያሳዝናል። እና ይህን ሁሉ ለመጀመር ከ10 እስከ 100 ባክቴሪያ ይበቃል። ለኮሌራ ብዙ ሚሊዮን ያስፈልጋል። ሺጌላ በታመመ ሰው እጅ፣ በበር እጀታ፣ በአንድ እንጀራ ሊተላለፍ የሚችለው ለዚህ ነው፣ ስለ እጅ መታጠብ የጻፋችሁት ከምንም በላይ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ኢ. ኮላይ ከሚባለው ባክቴሪያ የሕፃናት ተቅማጥ የሚያመጣ አንድ ዓይነት ደግሞ አለ፣ እሱም መርፌ አለው። የሚለጠፍበት ነገር ሴሉ ላይ ሲያጣ የሚለጠፍበትን ፕሮቲን ራሱ ሠርቶ በመርፌው ያስገባል። ፕሮቲኑ ከውስጥ ሄዶ የሴሉ ገጽ ላይ ብቅ ይላል፣ ባክቴሪያውም እሱ ላይ ይቀመጣል። ወንበሩን ይዞ የመጣ እንግዳ በሉት። ሲቀመጥ ደግሞ እንደ ፎጣ ጠጉር ሆነው ምግብ የሚመጥጡት የሴሉ ክሮች ይረግፋሉ። ወንበሩን ይዞ መምጣቱ የታወቀው በ1997 ነው። የቅርብ ጊዜ ነገር ነው።

ኢ. ኮላይ ስላልኩ አንድ ነገር ላክል። ኢ. ኮላይ በእናንተም በእኔም አንጀት ውስጥ አሁን አለ፣ አብዛኛው ምንም አያደርግም። ክፉ የሚያደርገው የያዘው መሣሪያ ነው። መሣሪያውም ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፣ አንዳንዴም ባክቴሪያን በሚያጠቁ ቫይረሶች ተጭኖ። የኮሌራም መርዝ እንዲሁ በቫይረስ የመጣ ነው። ስለዚህ ኢ. ኮላይ ተገኘ የሚል ዜና ብቻውን ብዙ አይነግረንም፣ የቱን መርዝ ይዞ ነው የሚለው ነው ጥያቄው።

በ2011 ጀርመን ላይ የሆነው ይህ ነው። በግንቦትና በሰኔ ከ3,800 በላይ ሰው በአንድ የኢ. ኮላይ ዓይነት ታመመ። ከ800 በላይ የሚሆኑት ኩላሊታቸው ተጠቃ፣ ከ50 በላይ ሞቱ። መጀመሪያ የስፔን ኪያር ተከሰሰ፣ ገበሬዎቹ ከሰሩ፣ ኪያሩ ግን ንጹህ ነበር። ሲጣራ ምንጩ የአብሽ ቡቃያ ሆኖ ተገኘ። አዎ፣ እኛ የምናውቀው አብሽ። ዘሩ ከግብፅ የገባ ነው ብለው ነው መርማሪዎቹ የደመደሙት፣ ጀርመን ውስጥ ሰው አብቅሎ ጥሬውን ሰላጣ ላይ ነው የሚበላው። አብሽ አትብሉ እያልኩ አይደለም፤ ችግሩ ዘሩ በሙቀትና በእርጥበት ሲበቅል ባክቴሪያውም አብሮት መባዛቱና ቡቃያው ሳይበስል መበላቱ ነው። ያ ኢ. ኮላይ የያዘው በሺጋ ስም የተሰየመውን መርዝ ነው። ይህ መርዝ ከኮሌራው የተለየ ነው። ሴሉ ውስጥ ገብቶ ፕሮቲን የሚሠራበትን ማሽን ይቆርጠዋል። ያ ሴል ከዚያ በኋላ የሚሞት ነው። በደም ሄዶ ኩላሊት የሚደርሰውም እሱ ነው።

ይህን መርዝ የሚይዙ ሌሎች የኢ. ኮላይ ዓይነቶች ዋና መኖሪያ ደግሞ የከብት አንጀት ነው። ደብረ ዘይትና ሞጆ ላይ ከገበያ በተወሰደ ጥሬ ሥጋ ውስጥ ኦ157 የሚባለው ዓይነት ተገኝቶ በ2008 በጥናት ታትሟል። ሥጋው ሙሉ ቁራጭ ሲሆን ባክቴሪያው ያለው ላዩ ላይ ነው፣ ሲከተፍ ወይም ሲፈጭ ግን ላዩ ውስጡ ይሆናል። ለአዋቂው ምርጫው የራሱ ነው። ለትንንሽ ልጆች ግን ጥሬ ክትፎ አታጉርሱ፣ ኩላሊታቸው በዚህ መርዝ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እነሱ ናቸው።

አሁን ስለ አሜባ ልናገር፣ ይህን ሳልል ብቀር ያመኛል። እኛ አገር የሆድ ሕመም ሁሉ አሜባ ነው። ሰው ምርመራ ሳይመጣ አሜባዬ ተነሳብኝ ይላል፣ ፍላጅል ገዝቶ ሁለት ቀን ውጦ ሲሻለው ይተወዋል፣ የቀረውን ለጎረቤት ያውሳል። ጥፋቱ የሕዝቡ ብቻ አይደለም፣ የእኛም የላቦራቶሪዎች ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ የምናየው የአሜባ እንቁላል በሽታ የሚያመጣውና ምንም የማያደርገው አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸው በ1993 በይፋ ተለይቶ ተጽፏል። አሜባው ቀይ የደም ሴል ውጦ ካላየነው በስተቀር በዓይን መለየት አንችልም። እኛ ግን አሜባ ብለን እንጽፋለን። በ2013 ታትሞ የወጣ፣ ኬንያን ጨምሮ በአፍሪካና በእስያ በሰባት አገሮች የተካሄደ ትልቅ ጥናት በትንንሽ ልጆች ላይ ከባድ ተቅማጥ ከሚያመጡት ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው ብሎ ነበር፣ ሮታ ቫይረስ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ፣ መርዝ የሚለቅ ኢ. ኮላይና ሺጌላ። አሜባ ከአራቱ ውስጥ የለም። ፍላጅል ደግሞ ከእነዚህ አራቱ አንዱንም አያድንም።

የሚያስቆጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ያቺ እናት ለፍላጅሉ ያወጣችው ሁለት ቀን ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት መድኃኒት ሰጥቼዋለሁ ብላ ተረጋግታ ተቀምጣለች።

ደም ያለበት ተቅማጥ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ኦአርኤስ እዚያም ይጠጣል፣ ግን እሱ ብቻ አይበቃም። ሺጌላ ከሆነ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል፣ ያ ኩላሊት የሚጎዳው ኢ. ኮላይ ከሆነ ደግሞ አንቲባዮቲኩ ባክቴሪያውን አስጨንቆ መርዙን አብዝቶ እንዲለቅ ሊያደርግ ይችላል። አንዱ የሚያድነው ሌላውን ሊያባብሰው ይችላል ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ቤት ተቀምጦ መገመት አይቻልም፣ ጤና ጣቢያ መምጣት ነው። ተቅማጥ ማቆሚያ እያሉ የሚሸጡትን ሎፔራሚድንም ደም ካለ አትውሰዱ። አንጀቱ መርዙን ለማስወጣት ሲታገል እሱ በሩን ነው የሚዘጋበት።

እናንተን የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም አርሙልኝ። ጋዜጣችሁን መምህራን ያነባሉ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያነባሉ፣ እነሱ ያነበቡትን ለመንደሩ ይናገራሉ። ሁለተኛ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ በየሳምንቱ አንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ የኦአርኤስ አበጣጠርን አትሙ። አንድ ከረጢት ለአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ። በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ ጨውና ስኳሩ ይበዛና ውሃውን መልሶ ከሰውነት ይስበዋል፣ ለስላሳ መጠጥ ለተቅማጥ የማይሆነውም ስኳሩ ስለሚበዛ ነው። ከረጢቱ ከሌለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር፣ ማንኪያው ልክ በልክ የሆነ፣ ያልተቆለለ። ቀምሶ ማየት ነው፣ ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ደፍቶ እንደገና መሥራት። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ጡት የሚጠባ ልጅ ጡቱን አይከልከል።

ሊትሩን በምን ይለካሉ እንዳትሉኝ፣ ቤት የማይጠፋ ነገር አለ። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ በደንብ አጥበው ኦአርኤሱ አጠገብ ያስቀምጡ። ያለው ባለ ሁለት ሊትሩ ከሆነ ሁለት ከረጢት ይግባበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከወሎ